«ለባሕር ውሃ ይሆናል» የተባለው ፓምፕ፦ ጉዱ ዘንጉ ላይ ነው

ጓሮ ላለው የጨው ውሃ ኩሬ የገዛሁት በሰዓት 3,000 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ወራት አስቆጥሯል። ውሃ ይገፋል፣ ድምፁም አይረብሽም። የሚያናድደኝ ዘንጉ ነው። ካርቶኑ ላይ «ለባሕር ውሃ ይሆናል» ተብሎ የተጻፈለት ዕቃ ውስጡ የብረት ዘንግ ነው ያለው፤ እሱንም ዝገት በልቶታል።

ኢምፔለሩ (ዘንጉ ላይ እየዞረ ውሃውን የሚገፋው ባለ ክንፍ ክፍል) ሲወጣ ዘንጉ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስሉ ጉድጓዶች ይታያሉ፤ ዙሪያቸው ቡናማ ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ ሲያብጥ ኢምፔለሩን ይይዘዋል። ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም፤ ከዚያ ይግላል።

ሻጩ «ስቴንለስ ነው» ብሎ ማግኔት ያስጠጋል፣ አለመሳቡን ያሳያል። ወንድሜ፣ 304 እና 316 የሚባሉትን ሁለቱንም የስቴንለስ ዓይነቶች ማግኔት እምብዛም አይስባቸውም! ልዩነታቸው 316 ውስጥ ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም መኖሩ ነው፤ ጨው ውስጥ ያለውንና ብረት የሚበላውን ክሎራይድ የሚቋቋመው እሱ ነው። ውሃ በማይንቀሳቀስበት ጠባብ ክፍተት ግን 316ም ቀስ እያለ ይበላል። ለዚህ ቦታ የሚሆነው ሴራሚክ ነው። «በነሐስ ይቀየርልህ» የሚልህንም አትስማው፤ ከነሐስ የሚወጣው መዳብ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ይፈጃል።

የአዳማ ሙቀትና ነፋስ ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። 2,000 ሊትር ኩሬ በሊትር 35 ግራም ላይ ለማድረስ ወደ 70 ኪሎ የባሕር ጨው ይፈጃል። 100 ሊትር ሲተን ጨው አብሮ ስለማይተን የቀረው በሊትር ወደ 36.8 ግራም ይወጣል። ስለዚህ የጎደለው የሚሞላው ክሎሪኑ በወጣለት ጨው አልባ ውሃ ነው። ፓምፑ ከቆመ ደግሞ ኩሬው ውስጥ ላሉት እንስሳት ፋታ የለም። በ25 ዲግሪ ጨው አልባ ውሃ በሊትር 8.2 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ የባሕር ውሃ የሚይዘው 6.8 ገደማ ነው፤ ያውም በባሕር ጠለል ላይ፣ አዳማ ከፍታ ላይ ከዚያም ያንሳል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከጎኑ መኖር አለበት።

ይህ ዓይነቱ ፓምፕ ያለው ሰው ሶኬቱን ይንቀል፤ የዘንጉን ውፍረትና ርዝመት በካሊፐር (ውፍረት በሚለካ መሣሪያ) ለክቶ በልኩ ሴራሚክ ያስገባ። ሴራሚክ ቶሎ ይሰበራል፤ ጫፍና ጫፍ ያሉት የጎማ መቀመጫዎች ከላሉ አብረው ይቀየሩ። በየወሩ ግማሽ ኮምጣጤ፣ ግማሽ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ ነጩን የካልሲየም ቅርፊት ያለቅቀዋል። መስመሩ ላይ በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ የሊኬጅ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ መስመሩን የሚያቋርጥ ማብሪያ) ሳይገባ ማንም እጁን ኩሬው ውስጥ አይክተት።

የእኔው ፓምፕ አሁን ለኩሬው መሙያ የሚሆነው ጨው አልባ ውሃ በተቀመጠበት በርሜል ውስጥ ነው። ጨው በሌለበት ውሃ ደህና ይሠራል፤ ለዚያ ግን ይህን ያህል ዋጋ አይከፈልም ነበር።