የፍሉ ፈጣሪና የፓስካል አምላክ

እንግሊዛዊው ፈላስፋ አንቶኒ ፍሉ ለአሥርት ዓመታት «ፈጣሪ የለም» ሲል ከርሞ፣ በ2004 እ.ኤ.አ.፣ ሰማንያን ካለፈ በኋላ፣ ሐሳቡን ቀየረ። ያሳመነው ስብከት ሳይሆን የዲኤንኤ ውስብስብነት ነበር። ክርስትናንም እስልምናንም ግን አልተቀበለም፤ ያመነበት ፈጣሪ በሰው ሕይወት ጣልቃ የማይገባ ነው።

ፓስካል ሌላ ነው። የሒሳብ ሊቁ በ1654 እ.ኤ.አ. አንድ ሌሊት የደረሰበትን መንፈሳዊ ገጠመኝ በወረቀት ጽፎ ልብሱ ገበር ውስጥ ሰፋው፤ የተገኘው ከሞተ በኋላ ነው። «የአብርሃም አምላክ፣ የይስሐቅ አምላክ፣ የያዕቆብ አምላክ፤ የፈላስፎችና የሊቃውንት አይደለም» ይላል።

ለፓስካል፣ ስለት የማይሳሉለት፣ ጸሎት የማይሰማ ፈጣሪ ምን ይረባል? እኔ ግን የፍሉንም እምነት ነው እላለሁ፤ ጾምና ቅዳሴ ስለሌለው ብቻ ከእምነት አይወጣም። ድክመቱ ሌላ ቦታ ነው፦ በማስረጃ ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ሳይንስ የሕይወትን አመጣጥ በሌላ መንገድ ቢያስረዳ ፍሉ እንደገና መከራከር ነበረበት።