ልብስ አጠባ በቤት መኪና ጉዞ፦ ባልዲ ወይስ ላውንደሪ?

የሚኖሩባትን መኪና እየነዱ ሳምንታት ለሚጓዙ ሰዎች ከምግቡ ይልቅ የሚከብደው ልብስ ማጠብ ነው። በባልዲ ማጠቡንም፣ ማሽኑን ራሳችሁ የምታስነሱበት ላውንደሪ መሄዱንም ደጋግሜ ሞክሬያለሁ።

በባልዲ ሲሆን እንዲህ ነው። ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ባልዲ ውስጥ ልብሱን፣ ለብ ያለ ውሃና ጥቂት ሳሙና ትጨምሩና ሻወሩ ወለል ላይ ታስቀምጡታላችሁ። መኪናዋ በተነቃነቀች ቁጥር ልብሱ ይታሻል። ማታ ስትከፍቱት ውሃው ጠቁሮ ታገኙታላችሁ፤ ደስ ይላል። ወጪ የለውም ማለት ይቻላል።

ጣጣው የሚመጣው ማለቅለቁ ላይ ነው። ሁለት ሦስቴ ካለቀለቃችሁ 30 ሊትር ውሃ በቀላሉ ያልቃል። ይህ ውሃ 30 ኪሎ ይመዝናል። ከመኪናዋ የንጹህ ውሃ ታንከር ወጣ ማለት ደግሞ የቆሻሻ ውሃውን ታንከር ሞላ ማለት ነው። ዝናብ ከመጣማ እርጥቡ ጂንስ መኪናዋ ውስጥ ይሰቀላል፣ መስኮቱ ያልበዋል፣ ፍራሹ ሥር ሻጋታ ይጀምራል። ሻጋታውን ካየሁ በኋላ ጂንስ በባልዲ አጥቤ አላውቅም።

ላውንደሪ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ከመንገድም ያስወጣል። ግን ሁለት ሦስት ማሽን በአንዴ ስለምታስነሱ የሳምንቱ ልብስ በሁለት ሰዓት ገደማ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ታጥፎ ያልቃል። ለትልቅ መኪና ማቆሚያ እንዳለው ብቻ አስቀድማችሁ እዩ።

ለእኔ ላውንደሪው ይበልጣል። አንሶላና ፎጣ ያለ እሱ አይሞከርም። ባልዲው ለካልሲና ለውስጥ ልብስ ይበቃል፣ ያውም ፀሐይ ባለበት ቀን። ሕፃን ይዞ ለሚጓዝ ሰው ግን ባልዲው በየቀኑ ያስፈልጋል።