ዶማ ወይስ ጉዝጓዝ? ሁለት መደብ በአንድ ጓሮ

ባሕር ዳር ያለችኝን ጓሮ ለሁለት ከፍዬ ነው የምሠራት። አንዱን መደብ በዶማ እቆፍራለሁ፣ አረሙን ነቅዬ አጸዳለሁ፣ ዩሪያ ማዳበሪያ እጨምራለሁ። ሌላውን ብዙም አልነካውም። የዋንዛ ቅጠልና የደረቀ ሣር ጉዝጓዝ አለብሰዋለሁ፤ በቃ።

የተቆፈረው ቶሎ ደስ ያሰኛል። ጎመኑ ፈጥኖ ያድጋል። ግን የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ ባዶው አፈር ጭቃ ሆኖ ወደ ቦዩ ይሄዳል። ማዳበሪያውም አብሮት። የዚያ ውኃ መጨረሻ ጣና ነው፤ ሐይቁን የወረረው አረም፣ እምቦጭ፣ ደግሞ በእንዲህ ያለ ምግብ ይፋፋል። ይሄ በጣም ያሳስበኛል። መጋቢት ላይ ደግሞ መደቡ ይሰነጠቃል፣ ጠዋት ማታ ውኃ ውኃ ይላል።

ጉዝጓዝ የለበሰውስ? እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ላይ ዘግይቶብኛል። አሁን ቅጠሉን ገለጥ ሳደርግ አፈሩ ጥቁርና እርጥብ ነው፤ የምድር ትሎች ይርመሰመሱበታል። ጣቴን ስሰደው ያለ ችግር ይገባል። ውኃ በሦስት ቀን አንዴ ይበቃዋል። በክረምት ግን ቀንድ አውጣ ይበዛበታል፤ ስለዚህ ጉዝጓዙን ከችግኙ ራቅ አደርጋለሁ።

ነገሩ ለጣና ዳር ሰው አዲስ አይደለም። በጀልባ ገዳማት ወዳሉበት ወደ ዘጌ ብትሻገሩ ቡናና ጌሾ ከዛፍ ጥላ ሥር አብረው ሲያድጉ ታያላችሁ። በገዳማቱ ልማድ እዚያ በሬ ጠምዶ ማረስ አይፈቀድም። የብርብራው ዛፍ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ሥሩም እንደ ባቄላ ለአፈሩ ናይትሮጅን ይሰጣል።

ለአንድ ወቅት ቲማቲም ብቻ ለሚፈልግ ዶማው ያዋጣው ይሆናል። እኔ ግን ዘንድሮ የተቆፈረውንም መደብ ቅጠል ላለብሰው ነው።