ግድግዳ ውስጥ የገባው ቀጭን ቴሌቪዥናችን፦ ከወራት በኋላ

የሳሎናችንን አንድ ግድግዳ በኤምዲኤፍ አልብሰን፣ መሃሉን ለስክሪን ገባ አድርገን፣ ከሥሩ ለሪሲቨርና ለሳውንድባር (ከቴሌቪዥን ሥር ለሚቀመጥ ረጅም ስፒከር) ቦታ ካሠራን ዓመት ሊሞላው ነው። የገባበት ቴሌቪዥን 55 ኢንች፣ ባለ 4ኬ፣ ብርሃኑ ከጠርዝ የሚመጣ ኤልኢዲ ሲሆን ውፍረቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር በታች ነው። ብራንዱን አልጠራም፤ የማነሳቸው ነገሮች በዚህ ዓይነት ቴሌቪዥን ሁሉ ላይ የሚታዩ ናቸው።

ሱቅ ስትገቡ ሻጩ ቴሌቪዥኑን በጎኑ አዙሮ የላይኛውን ጠርዝ ነው የሚያሳያችሁ። እናንተ ዝቅ ብላችሁ ታችኛውን እዩ። ለምሳሌ የኤልጂ ሲ ተከታታይ ኦሌዶች (እያንዳንዱ የምስል ነጥብ በራሱ የሚበራባቸው ቴሌቪዥኖች) ከላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ሰርኪዩቱ ያለበት የታችኛው ክፍል ግን 4 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ግድግዳው የሚለካው በወፍራሙ ቦታ ነው። ከዚያ የገመዱን መውጫ እዩ። የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ የሚያይ ከሆነ ገመዱ ለመታጠፊያ ብቻ ሌላ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ይበላል፤ ቅጥነቱ ገደል ገባ ማለት ነው። የኛን ያስመረጠኝ ቀዳዳዎቹ ወደ ጎንና ወደ ታች ማየታቸው ነው።

ለእንዲህ ያለ ሥራ ተብለው የተሠሩም አሉ። የሳምሰንግ ዘ ፍሬም ከላይ እስከ ታች እኩል 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ገመዶቹ በሙሉ የሚሰኩት በተለየ ሳጥን ላይ ሲሆን ከሳጥኑ ወደ ስክሪኑ አንድ ቀጭን ገመድ ብቻ ይሄዳል። ግድግዳ ላይ ሥዕል መስሎ ሲታይ ያምራል። ግን ያ ገመድ የራሱ የፋብሪካው ነው፤ ከመርካቶ የሚገዛ ተራ ኤችዲኤምአይ አይተካውም። ኦሌዱን ደግሞ በአማቴ ምክንያት ተውኩት። እሳቸው ከጠዋት እስከ ማታ ዜና ነው የሚያዩት፤ ማዕዘን ላይ የማይንቀሳቀስ አርማ፣ ከሥር የማያቋርጥ ጽሑፍ። ኦሌድ ላይ እንዲህ ቆሞ የሚውል ምስል ከጊዜ ብዛት ጥላው ሊቀር ይችላል።

ስለ መስቀሉ ሥራ ትንሽ ልበል። የኮንዶሚኒየም ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ፊሸሩ ባዶው ላይ ከዋለ ቴሌቪዥኑን ይዞ ይወጣል። ጂብሰም ቦርድ ብቻውንማ ጭራሽ አይታሰብም። አናጢያችን ከኤምዲኤፉ ጀርባ ወፍራም ኮምፔርሳቶ አድርጎ በብዙ ቦታ ከግድግዳው ጋር አሰረው፤ ቴሌቪዥኑን የሚሸከመው ብረት፣ ብራኬቱ፣ የተያዘው እሱ ላይ ነው። ብራኬቱ ወደ ፊት የሚሳብ ክንድ ያለው ነው። ሲታጠፍ ከማይንቀሳቀሰው ዓይነት ብራኬት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይወፍራል፤ ግን ፍላሽ ለመሰካት ወይም አቧራ ለመጥረግ ስትፈልጉ ቴሌቪዥኑን በሁለት ሰው ማውረድ የለም። አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል ከቀጭን ቴሌቪዥን ይህን ብራኬት እመርጣለሁ።

የተሠራለት ጉድጓድ 165 በ105 ሴንቲ ሜትር ነው። የ55 ኢንች ስክሪን ስፋቱ 122 ገደማ ስለሆነ ላየው ሰው ቦታው የተረፈ ይመስላል። ሆኖም የብዙ ቴሌቪዥኖች መመሪያ በዙሪያው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ለአየር እንዲተው ይጠይቃል፤ ነገ 65 ኢንች ቢመጣ ደግሞ 145 ገደማ ይፈልጋል። ትርፉን ክፍተት ከኋላ በተለጠፈ የኤልኢዲ መብራት ሸፍነነዋል። ይህ መብራት ሳላስበው ሌላ ጥቅምም ሰጠኝ፦ ማታ ጨለማ ትዕይንት ሲመጣ ከስክሪኑ ጠርዝ የሚያፈተልከው ግራጫ ብርሃን ያን ያህል ዓይን አይገባም። ማፈትለኩ ግን አለ። ፊልም ሲታይ ከላይና ከታች ጥቁር መሆን የነበረበት ቦታ አመድማ ነው። ከጠርዝ የሚበራ ቀጭን ቴሌቪዥን ዕዳው ይህ ነው።

ምስሉ በዩቲዩብ 4ኬ ሲሆን እጹብ ነው። ከዲሽ የሚመጣው ግን እንደ ጣቢያው ነው፤ ኤችዲ ያልሆነ ቻናል 55 ኢንች ላይ ሲዘረጋ ደብዛዛ ይሆናል፣ ለዚህ ቴሌቪዥኑን መውቀስ አይገባም። የስማርት ነገሩ ይሠራል፤ ብዙ የምለው የለኝም።

ድምፁ ደካማ ነው። ስስ አካል ውስጥ ትልቅ ስፒከር አይገባም፤ ያለውም ወደ ታች ስለሚተኩስ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ይታፈናል። ቅዳሴ ሲተላለፍ አማቴ "ከጉድጓድ ነው እንዴ የሚቀድሱት?" አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ሳውንድባሩን በበጀታችሁ ውስጥ ከመጀመሪያው ቁጠሩት። ኤአርሲ (ARC) የሚል ምልክት ባለበት፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ወደ ሳውንድባሩ በሚልከው የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ስትሰኩት በአንድ ሪሞት ይነሳል፣ ይተኛል።

ከሁሉ በላይ ያስቸገረን ከሥር ያለው ሳጥን ነው። ሪሲቨር ይሞቃል፤ ስታቢላይዘሩ ደግሞ ይሞቃልም፣ ቀጭ ቀጭ ይላልም። በተለይ በዓል ሲቃረብ፣ በየቤቱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጣድ፣ ኃይሉ ወርዶ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ፊልሙን ትቶ እሱን መስማት ነው። ያለ ስታቢላይዘር ደግሞ አልሞክረውም። አሁን የሳጥኑ ጀርባ ተበስቶ አየር ያገኛል፣ ስታቢላይዘሩም ከሶፋው ጎን ወዳለው ሶኬት ሄዷል። የእንጨቱ በር የሪሞቱን ጨረር ስለሚከለክል በጥቁር መስታወት ተቀይሯል።

እንግዲህ ለማሠራት ለምታስቡ፦ ግድግዳችሁ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ከቻለ ለቅጥነት ተጨማሪ አትክፈሉ፤ በዚያው ብር ብርሃኑ ከጠርዝ ሳይሆን ከስክሪኑ ጀርባ በየክፍሉ የሚደበዝዝ ወፈር ያለ ቴሌቪዥን ግዙ። ጉድጓዱ ውፍረቱን ይውጠዋል፤ ጥቁሩም ጥቁር ይሆናል። የኛ ሳሎን ጠባብ ስለሆነና በዚያ በኩል ወደ በረንዳ ስለሚታለፍ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበረን፤ ለዚያ ቦታ ደግሞ ይህ ቀጭኑ ልክ ሆኗል።