የእማዬን ፊት ከጨለማ ላወጣልኝ ወንድሜ

እግዚአብሔር ይስጥህ ወንድሜ! ይሄን ሳልጽፍ ብቀር እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሰርጌ ጥር ላይ ነበር። እማዬ ሰኔ ላይ አረፈች። ጉልበቷን ስሜ ስትመርቀኝ የሚያሳይ ፎቶ ያለኝ አንድ ብቻ ነው። እሱም መሽቶ፣ ድንኳን ውስጥ፣ ያለ ፍላሽ የተነሳ። ነጭ ነጠላዋ ይታያል፣ ፊቷ ግን ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው።

ለአርባዋ በትልቁ ላሳጥበው ብዬ ዞርኩ። የመጀመሪያው ፎቶ ቤት ዝም ብሎ ብርሃን ጨመረበት። የእማዬ ፊት አመድ መሰለ፣ የነጠላዋ ጥለትም ነጥቶ ጠፋ። "ከዚህ በላይ አይሆንም" ብለው ሒሳባቸውን ተቀበሉኝ። ሁለተኛው ቤት ባሰ። ፊቷን እንደ ሃያ ዓመት ልጅ አለስልሰው፣ የአንገቷን ንቅሳት አጥፍተው ሰጡኝ። ንቅሳቷን! "ይቺ እናቴ አይደለችም" ስላቸው "አምሮባቸዋል እኮ" አሉኝ። ታክሲ ውስጥ እያለቀስኩ ቤቴ ገባሁ።

አራት ኪሎ ፎቶ የሚያስተካክለውን ይሄን ልጅ የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ፎቶውን በቴሌግራም ስልክለት "እህቴ፣ ይሄ ተጨምቆ፣ ጥራቱ ቀንሶ ነው የመጣው። ሚሞሪ ካርዱን ራሱን አምጪልኝ" አለኝ። ደግነቱ ያነሳን የአክስቴ ልጅ ካርዱን አላጠፋውም ነበር።

ስሄድ ኮምፒውተሩን ሳይነካ በፊት ጠየቀኝ፦ "እናታችን መልካቸው እንዴት ነበር? ጠይም ናቸው ቀይ?" እዚያ ሁለቱ ቤት ይሄን የጠየቀኝ የለም። የቀይ ዳማ ነበረች አልኩት። በቀን የተነሳችውን ሌላ ፎቶ ከስልኬ አስላከኝና አጠገቡ አድርጎ እያየ ሠራ። ምን ምን እንደነካ አላውቅም። ነጠላው እንዳለ ሆኖ ፊቷ ብቻ ቀስ እያለ ሲወጣ ነው ያየሁት። መጀመሪያ ግንባሯ፣ ከዚያ ጉንጯ። አንገቷ ጋ ሲደርስ ቆም አለና "ይሄ ጥላ ነው ንቅሳት?" አለኝ። መመለስ አቃተኝ። ሶፍት አቀበለኝና እስክረጋጋ ዝም ብሎ ጠበቀኝ።

አልዋሸኝምም። "ትንሽ ብናኝ ነገር ይቀራል። እሱን ሙልጭ አድርጌ ላጥፋ ካልኩ መልካቸው ይሄዳል" አለኝ። ብናኙ እንዳለ ይሁን አልኩት።

አርባዋ ላይ የማኅበር ጓደኞቿ ገና ከበር ሲያዩት "እሷው ናት!" ብለው አለቀሱ።

ጨልሟል ብላችሁ የተዋችሁት የሰርግ፣ የክርስትና፣ የወላጅ ፎቶ ካላችሁ እባካችሁ እንዳታጠፉት። ወደዚህ ልጅ ሂዱ። ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። እጁ ይባረክ፣ ሂዱ! ብቻ በቴሌግራም የመጣውን ሳይሆን ኦርጅናሉን ይዛችሁ።