በገጽ 212 ላይ የተፈታው መርፌ

«የዕድሜ ልክ ዕቃ ነው» ብሎኝ ነበር ሻጩ። የማንን ዕድሜ ማለቱ እንደሆነ ሳልጠይቀው ከፍዬ ወጣሁ። ላንጋኖ ሐይቅ ዳር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ የቀኙ መርፌ ከገመዱ ተፈትቶ እጄ ላይ ቀረ፤ መርፌው ላይ የነበሩት 41 የሹራብ ዐይኖችም (የክሩ ቀለበቶች) አንድ ላይ ጭኔ ላይ ፈሰሱ። ዕድሜውን ያን ጊዜ ቆጠርኩት፤ ስምንት ወር ከአሥራ አንድ ቀን።

ዕቃውን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ተገጣጣሚ ክብ የሹራብ መርፌ ነው። እናቶቻችን ሹራብ የሚሠሩት በሁለት ረጃጅም ቀጥ ያሉ መርፌዎች ነበር። በዚህኛው ግን ሁለት አጫጭር የቀርከሃ መርፌዎች በቀጭን የፕላስቲክ ገመድ ጫፍና ጫፍ ላይ በብሎን ይገጠማሉ፤ ሥራው ገመዱ ላይ ተሰብስቦ ክብ እየዞረ ይሄዳል። እኔ የገዛሁት ቦርሳ ከ3.5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሰባት ጥንድ መርፌዎችና ሦስት ገመዶች አሉት። ገመዶቹ ከመርፌው ጋር ሲገጠሙ 60፣ 80 እና 100 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ። 2,800 ብር ከፈልኩ፤ መርካቶ ውስጥ ካለ አንድ ክር ቤት። ባለቤቴ ዋጋውን ሲሰማ «ሹራቡን ራሱን ገዝተሽ ብትመጪ አይረክስም ነበር?» አለ። ሁለት ቀን አላናገርኩትም።

ከላንጋኖ በፊት የነበሩት ወራት ብዙ ወሬ የላቸውም። ሁለት የአንገት ልብስና አንድ የሕፃን ሹራብ ሠራሁበት፤ አላስቸገረኝም። አዲሱ ገመድ ከማሸጊያው ሲወጣ እንደ ዘንዶ ተጠቅልሎ አልዘረጋም ብሎኝ ነበር፤ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሬ ስስበው ተቃና። ይኸው ነው።

ላንጋኖ የሄድነው ለአንድ ሳምንት ነው። እኔ አስተማሪ ነኝና እረፍቴን እንደ ደመወዝ አብቃቅቼ ነው የምጠቀምበት። 600 ግራም ክርና ከ400 ገጽ በላይ ያለው አንድ ልብ ወለድ ያዝኩ፤ ሌላ ምንም። ባለቤቴ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ እስክናልፍ ድረስ «ቆላ ወርዶ ሹራብ!» እያለ ሲስቅብኝ ነበር። ሹራቡ ግን ለላንጋኖ አልነበረም፤ ደብረ ብርሃን ለሚማረው ልጃችን ነው። እዚያ ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ማታ ማታ ጣቶቹ እስክሪብቶ አልጨብጥ እንደሚሉት ይነግረኛል። ክሩ ሱፍና አክሪሊክ የተቀላቀለበት ጥቁር አረንጓዴ ነው። የመንዝ በግ ጸጉር ለባና የሚያህለው የለም፤ አንገት ላይ ግን ይቆረቁራል፣ ልጁም አይለብሰውም።

አሁን ወደሚያስደስተው ልምጣ፤ ምክንያቱም ስናደድም ቢሆን ይህንን መካድ አልችልም። በክብ መርፌ ሹራብ ሲሠራ ፊትና ጀርባ ተለያይቶ በኋላ የሚሰፋ ነገር የለም። ዐይኑን ሁሉ በአንድ ወገን ብቻ እያወጡ መዞር ነው። 180 ዐይን ጀመርኩ፤ በ10 ሳንቲ ሜትር 18 ዐይን ስለሚገባ የደረቱ ዙሪያ አንድ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። የመጀመሪያውን ቀን የታችኛው ጠርዝ ወሰደው። እሱ ሁለት ወደ ፊት ሁለት ወደ ኋላ እየተባለ ስለሚሠራ እያዩ መሥራት ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ ግን እጄ ብቻውን ሄደ። መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ከፍቼ አስቀመጥኩና ማንበብ ጀመርኩ።

ይህንን ቀላል አድርጎ የሚያስብ ይሞክረው። በሙጫ የተጠረዘ ወፍራም መጽሐፍ እጅ ሲለቀው እንደ ተቆጣ ሰው ይከደናል። በግራና በቀኝ ሁለት የልብስ መቆንጠጫ ነከስኩበት፤ ከሥሩ ደግሞ ከሐይቁ ዳር ያነሳሁትን ጠፍጣፋ ድንጋይ አሳረፍኩ። የዙሩ መጀመሪያ ላይ ቀይ ክር አስሬያለሁ። ቀዩ ክር ጣቴን ሲነካኝ አንድ ዙር አለቀ ማለት ነው። አንድ ዙር ሦስት ገጽ ያህል ነው። በሁለተኛው ቀን ማታ ባለቤቴ «ስንት ገጽ ቀረሽ?» ሲለኝ «ወደ መቶ ዙር» ብዬ መለስኩለት።

ቀርከሃው ድምፅ የለውም። ብረት መርፌ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ አጠገብ የተኛ ሰው ይቀሰቅሳል። የሹራቡ ክብደትም ገመዱ ላይ ሆኖ ጭን ላይ ስለሚያርፍ በረጅሙ መርፌ ጊዜ ትከሻዬን ይይዘኝ የነበረው ሕመም አልመጣም። በሚኒባስ ውስጥም ቢሆን የጎረቤትን ጎድን በክርን መውጋት ቀርቷል።

አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ደግሞ ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ ሹራቡን ዘርግቼ ሳየው ወጥ አልነበረም። መጽሐፉ ረጋ ባለበት፣ ሰዎቹ ቡና እየጠጡ ስለ ዘመድ በሚያወሩበት ቦታ ዐይኖቹ ለስለስ ብለው ተዘርግተዋል። ነገሩ በከረረበት ደግሞ ክሩን አጥብቄ ስቤዋለሁና ጠበብ ያለ መስመር ዙሪያውን ይሄዳል። ባሏ ያልነገራትን ዕዳ ሴትየዋ ያወቀችበት ምዕራፍ ከእምብርት ከፍ ብሎ በግልጽ ይታያል። ፈትቼ ልድገመው ብዬ ነበር፤ ተውኩት።

እናም አራተኛው ቀን መጣ። ገጽ 212። ሴትየዋ የተቆለፈውን ሣጥን ልትከፍት ነው። ከአንድ ሰዓት በፊት ጀምሮ ክሩ የቀኙ መርፌና ገመዱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ያዝ ያዝ እያደረገኝ ነበር። በአውራ ጣቴ ገፋ አድርጌ አሳልፈዋለሁ። ምልክት እንደሆነ አላጣሁትም፤ ግን ሣጥኑ ሊከፈት ነው! ዐይኖቹን በአንድ እጅ ወደ ፊት ስገፋ መርፌው ቀለለኝ። ቀና ብዬ ሳይ እጄ ላይ ያለው የቀርከሃ ቁራጭ ብቻ ነው፤ ዐይኖቹ እንደ ተፈታ መቀነት ተዘርግተዋል። ደንግጬ ልይዘው ስል ሳብኩትና ባሰ፤ ዘጠኙ ወደ ታች እየተተረተሩ መሰላል ሠሩ።

የሎጁ ሠራተኛ የሆነች ልጅ ቡና ይዛልኝ እየመጣች ነበር። «እትዬ፣ አይንኩት! ከነኩት ይወርዳል» አለችና ሰሐኑን አስቀምጣ ከሽርጧ ኪስ ኪሮሽ አወጣች። በትርፍ ሰዓቷ የሶፋ ዳንቴል ትሠራለች። ከሁሉ አስቀድማ በቁማቸው ያሉትን 32 ዐይኖች አንድ በአንድ ቡናው ከመጣበት ሰሐን ላይ ካነሳችው የስኒ መጥረጊያ ጨርቅ በመዘዘችው ክር ላይ ሰካች። ቀጥላ የወረዱትን ከታች ጀምራ በኪሮሹ መንጠቆ እያንዳንዱን የመሰላል ደረጃ ከሥሩ ባለው ዐይን ውስጥ እያሳለፈች ሰባት ዙር አወጣቻቸው። ክሩ ሱፍ ስላለበት እርስ በርሱ ይያያዛል እንጂ ንጹሕ አክሪሊክ ቢሆን ኖሮ እስከ ጠርዙ በደረሰ። ስትጨርስ መርፌውን ገልብጣ አየችና «ይሄ ብሎን ነው እንዴ? ለሹራብ?» አለች። እኔም እንደዚያ ብዬ መጠየቅ የነበረብኝ ከስምንት ወር በፊት ነው። ቡናው ቀዝቅዟል፤ ተባረኪ ብዬ ጠጣሁት።

አሁን ሻጩ ቢኖር ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «እትዬ፣ በደንብ አላጠበቁትም» ይለኛል። ወንድሜ፣ አንተ ራስህ ነህ «በጣትዎ ያዙሩት፣ በቃ» ያልከኝ። የሆነውን ልንገርህ። የቀኙ እጅ እያንዳንዷን ዐይን ሲያወጣ መርፌውን ጥቂት ያዞረዋል። 180 ዐይን በ70 ዙር ሲባዛ 12,600 ጊዜ ማለት ነው። በጣት የጠበቀ ብሎን ይህንን ሊችል አይችልም። ቦርሳው ውስጥ እንደ ትንሽ ቁልፍ የታጠፈች ሽቦ ነበረች፤ ገመዱ ጫፍ ላይ ባለችው ቀዳዳ ገብታ ገመዱን ትይዛለች፣ መርፌው በሌላ እጅ ተይዞ ይጠብቃል። እኔ የማሸጊያ ሽቦ መስላኝ ጥዬአታለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው? እሺ፣ ግማሹ። 2,800 ብር የሚያወጣ ዕቃ ግን ውስጡ አንዲት መስመር ማብራሪያ ቢኖረው ወረቀቱ ይከብድ ነበር?

ያን ቀን ማታ በባዶ እጄ ሳነብ ሌላ ነገር ታዘብኩ። ሣጥኑ ተከፈተ፤ ደብዳቤ አልነበረበትም፣ የመሬት ካርታ ነው። ግን አላስደነገጠኝም። እጄ ምንም ሳይሠራ መጽሐፉ ብቻውን ቀዘቀዘብኝ፤ ደራሲው ቃላት ማባከን የሚወድ ሰው መሆኑንም አየሁ። ባለቤቴ አዝኖልኝ ይሁን ሰልችቶት፣ ከሸሚዙ ውስጥ መርፌ ቁልፍ ነቅሎ ሰጠኝ። ለካ ቀዳዳዋ ውስጥ ልክ ይገባል። አጠበቅሁት። በየሃያ ዙሩም ፍተሻ ጀመርኩ።

ያቺ ቀዳዳ ሌላም ጥቅም አላት፤ ይህንን ማንም አልነገረኝም። ቀጭን የስፌት ክር አሳልፈው ቢያስሩባት፣ አንድ ዙር ሲሠራ ክሩ ገመዱን ተከትሎ በሁሉም ዐይኖች ውስጥ ያልፋል። ከዚያ ከዚያች ክር በላይ ያለው ሁሉ ቢተረተር እንኳ እዚያ ላይ ይቆማል። በአምስተኛው ቀን ነጭ ክር አሳልፌ ነው የቀጠልኩት። ይህን አራተኛው ቀን ላይ ባውቅ ኖሮ ይህ ጽሑፍ ግማሽ ገጽ ይሆን ነበር።

እጅጌውን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ቅሬታ ነው። ከቦርሳው ውስጥ አጭሩ 60 ሳንቲ ሜትር ሲሆን የእጅጌ ዙሪያ ግን ከ40 አይበልጥም፤ አይዘረጋለትም። ረጅሙን 100 ሳንቲ ሜትር ወስዶ ገመዱን በዐይኖቹ መሐል በጆሮ መልክ እየሳቡ መሥራት ይቻላል። ይሠራል፣ ያለመታከት ግን አይደለም፤ መጽሐፍ ማንበብማ የማይታሰብ ነው።

ሥራው አልቆ ሹራቡ ደብረ ብርሃን ደርሷል። ልጁ ለብሶ ፎቶ ላከልኝና «እማዬ፣ ሆዴ ላይ ለምን ጠበበ?» አለ። ዕዳው የታወቀበት ምዕራፍ ነው ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ።

ከዚያ ወደ መርካቶ ሄድኩ፤ ለጠብ ተዘጋጅቼ ነው። የምፈልገው የ80 ሳንቲ ሜትሩን ገመድ ብቻ ነበር፤ ጥርሱ ላልቷል። ገመድ ለብቻው አይሸጥም አሉኝ፤ ሙሉውን ቦርሳ መግዛት አለብኝ። ያዘጋጀሁትን ንግግር ልጀምር ስል ከጎኔ አንዲት ሴት ያንኑ ቦርሳ እያገላበጠች ነው። ሻጩም «የዕድሜ ልክ ዕቃ ነው» ይላታል። ወደ እኔ ዞረች። «ተጠቅመሽበታል? ጥሩ ነው?» አለችኝ። ሻጩ ዐይን ዐይኔን ያየኛል።

«ጥሩ ነው» አልኩ፣ ራሴን እየታዘብኩ። «ሽቦዋን ግን እንዳትጥያት። ለማንኛውም መርፌ ቁልፍ ያዢ።»