ካነን 55-250 ወይስ 75-300? ሁለት ርካሽ ዙም ሌንሶች (ቁጥሮቹ የዙም ክልላቸው በሚሊ ሜትር ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል)

ዋጋ፦ 75-300 (ሦስተኛው ስሪት) ይረክሳል። 55-250 ኤስቲኤም (ጸጥ ያለ የትኩረት ሞተር ያለው) ወደድ ስለሚል ያገለገለውን መፈለግ ያዋጣል፤ ከመክፈልዎ በፊት በስልክ መብራት ውስጡን አብርተው ሻጋታ እንዳለው ይዩ።

የእጅ መንቀጥቀጥ፦ ዋናው ጉዳይ ይኼ ነው። 75-300 ማረጋጊያ (የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያካክስ ክፍል) የለውም። እንደ 700ዲ ባለ አነስተኛ ሴንሰር ያለው ካሜራ ላይ በ300 ሚሜ ሲያነሱ ሸተሩ (ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ) ከ1/500 ሰከንድ ባይዘገይ ይመረጣል፤ አመሻሽ ላይ ይህን ለማግኘት አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት) 3200ና ከዚያ በላይ ይጠይቃል፣ ምስሉም ይሻክራል። 55-250 ግን ማረጋጊያ ስላለው በ1/60 እንኳ የቆመን ነገር ጥርት አድርጎ ማንሳት ይችላል። የሚሮጥ ልጅ ከሆነ ማረጋጊያው አይረዳም፤ ሸተሩን ማፍጠን ግድ ነው።

ጥራት፦ 75-300 በ300 ሚሜ ይደበዝዛል፣ ጠርዞች ላይም ሐምራዊ መስመር ያወጣል። የሌንሱ ቀዳዳ ወደ ኤፍ 8 ሲጠብ ይሻሻላል። ለተጨማሪዋ 50 ሚሜ ብሎ መምረጥ ስህተት ነው።

ትኩረት፦ 55-250 ከ85 ሴንቲ ሜትር፣ 75-300 ከ1.5 ሜትር ጀምሮ ያተኩራል። የኋለኛው ሲያተኩር የሌንሱ ፊት ስለሚዞር ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ ማጣሪያ) ያስቸግራል።

ካሜራዎ ትልቅ ሴንሰር ያለው፣ ማለትም ፉል ፍሬም (6ዲ፣ 5ዲ) ከሆነ 55-250 አይገጥምም፤ 75-300 በጠራራ ፀሐይ ወይም በትራይፖድ ያገለግላል። ለሠርግ፣ ለቤት ውስጥና ለቪዲዮ 55-250ን ይያዙ።